በተራ የተዋጠው ኪኒን

ራሴን ላመሰግን የመጣሁ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። ራሴን የማመስገኑን ሥራ ከዚያ ቀን በፊት ጨርሼዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ያስተረፍኩት ምስጋና አልነበረም።

ስሜ ሀያት ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም። የአካባቢው ሰው ግማሹ "ሲስተር"፣ ግማሹ "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር ሲሉኝ ማረም ነበረብኝ፤ ግን ሰው ደስ ብሎት ሲጠራኝ ምን ላድርግ፣ ዝም እላለሁ።

ሰኞና ሐሙስ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ቀን ነው። የፋርማሲው ባለሙያ ስብሰባ ስለሚበዛበት በእነዚህ ቀናት መድኃኒት የማድለውም የማስተምረውም እኔ ነበርኩ። ማስተማሩን ደግሞ እወደው ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ፣ እኔ ጋዋኔን ለብሼ ፊት ለፊት እቆምና ድምፄን ከፍ አድርጌ እለቀዋለሁ። "ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስኬዳችሁ፣ ውሃ ውሃ የሚያሰኛችሁ፣ የሚደክማችሁ ከሆነ ስኳር ነው።" "ሊሆን ይችላል" የምትለዋን ነገር ሰዓት ለመቆጠብ ትቻት ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራሁ ኪኒኑን በትንሽ ፖስታ እሰጣለሁ። "ጠዋት፣ ከምግብ በፊት። ገባዎት?" እላለሁ። "ገብቶኛል ልጄ" ይላሉ። ካርዱ ላይ "የጤና ትምህርት ተሰጥቷል" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ፤ ቀጣይ። ለሱፐርቪዥን የመጡ ሰዎች ካርዶቹን አገላብጠው ሁሉም ላይ ምልክቱን ሲያገኙ "እንዲህ ነው እንጂ ሥራ" ብለውኝ ሄደዋል። እኔም አምኛቸዋለሁ።

ከታካሚዎቼ አንዱ ጋሽ ይመር ነበሩ። ስልሳዎቹን ያጋመሱ ገበሬ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ። ስኳር ከተገኘባቸው ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ስኳራቸው ግን አልወርድ አለኝ። እኔም የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥፋቱ ያለው እሳቸው ዘንድ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

"ጋሽ ይመር፣ ማር ይልሳሉ አይደል?"

"ኧረ ልጄ፣ ማር ከየት መጥቶ።"

"ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ያደርጋሉ?"

"ከተውኩት ቆየሁ እኮ።"

"ኪኒኑስ አልቋል?"

"አልቋል። አንድም አልተረፈም።"

በየወሩ ይህችኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ በየወሩ ይህችኑ መልስ አገኛለሁ። ኪኒኑ ካለቀና ስኳሩ ካልወረደ መድኃኒቱ አንሷል ማለት ነዋ። ለጤና መኮንኑ ለአብዱ አመለከትኩ፤ አብዱም ካርዱን አይቶ በቀን አንድ የነበረውን ሁለት አደረገው። ፖስታው ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ጋሽ ይመር፣ ጠዋት ሁለት" ብዬ ጻፍኩና "አሁን ግን ቀልድ የለም" ብዬ ገሥጬ ሸኘኋቸው። የሥራ ፍቅሬን አያችሁልኝ?

ያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተያይዘው የገቡበት ነበር። ሙስሊሙ ጾመኛ፣ ክርስቲያኑ ጾመኛ፣ እኔ ራሴ ጾመኛ። ከዚያ ሁሉ ታካሚ መካከል አንዱን እንኳ "ጾሙ ላይ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚያደርጉት?" ብዬ አልጠየቅሁም። ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለማ።

አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከውስጡ አንድ ሽማግሌ በሰው ተደግፎ ሳይሆን በሰው ሸክም ወረደ። ጋቢው በላብ ርሷል፤ ጥርሱ ገጥሟል፤ ቢጠሩት አይሰማም። ከኋላ ሚስቱ እትዬ አለሚቱ መቀነታቸውን አጥብቀው እያለቀሱ ይከተላሉ። ከጎኑ እጁን ይዘው የመጡት ደግሞ የኔው ጋሽ ይመር ናቸው።

"ደምሴ ነው፣ ጎረቤቴ" አሉኝ። "እርሻ ላይ ቆሞ እያለ ወደቀ።"

ከተሸከሙት አንዱ ጥላ ወግቶት ነው አለ። ሌላው ጠበል መውሰድ ነበር የሚሻለው አለ። እኔ ከሁሉም የተሻልኩ ስለሆንኩ "ስትሮክ ነው" አልኩ።

አብዱ ደረታቸውን እያዳመጠ "ስኳራቸውን ለኪው" አለኝ።

"ስኳር የለባቸውም እኮ። እኛ ጋ ካርድ የላቸውም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ለኪው።"

ካርድ የሌላቸው ሰውዬ ስኳር ሃያ ስምንት ሆኖ ተገኘ። ከሰባ በታች ሲወርድ እኛ መሮጥ እንጀምራለን፤ ሃያ ስምንት ላይ ሰው እየሄደ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ የተቀመጠው ወፍራሙ ግሉኮስ የድንገተኛ መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ጠርሙስ ብቻ ነበር። ደም ሥር አገኘሁና ሦስቱን ቀስ እያልኩ ሰጠኋቸው።

ሦስተኛው ሳያልቅ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ "ይመር" አሉ።

"አለሁ" አሉ ጋሽ ይመር። "አብሽር።"

እትዬ አለሚቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በኩባያ ስኳር በጥብጬ አቀረብኩ። "ይጠጡ፣ አባባ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት ተኩል።"

"እንግዲያ ገና ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም።"

አስተማሪነቴ እዚህ ላይ ተነሳ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ደም ስኳር፣ ስለ አንጎል፣ ለሕመምተኛ ጾም እንደማይገባ አንድም ሳላስቀር አስረዳሁ። "ገባዎት?" አልኩ በመጨረሻ።

"ገብቶኛል ልጄ" አሉና አፋቸውን ገጥመው ተኙ።

ጋሽ ይመር ኩባያውን ከእጄ ወሰዱ። ረመዳን ነው፤ ከሌሊቱ የሱሁር ምግብ ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም፤ በዚያ ላይ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ቢስሚላህ ብለው ፉት አሉ። 

"ይኸው፣ እኔ ቀመስኩ። አላህ ያውቅልኛል። አሁን አንተ ጠጣ።"

 ጋሽ ደምሴ ተደግፈው ቀና አሉና ኩባያውን ጨለጡት።  የሁለት ዓመት ማስተማሬ ያላደረገውን አንድ ጉንጭ አደረገው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ሰው ሆኜ እወጣ ነበር። አላለቀም።

ጋሽ ይመር በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ መተላለፊያው ወሰዱኝ። ከኮታቸው ኪስ አንዲት ፖስታ አወጡ። "ልጄ፣ ለሐኪም አይዋሽም። ይችን ኪኒን ደምሴም ይውጣታል።"

የእጅ ጽሑፌን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም።

"ለምን?" አልኳቸው።

"አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን? ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስኬደው፣ የሚደክመው ስኳር ነው አላልሽም? እሱ ሌሊቱን አምስቴ ነው የሚነሳው። ና እንሂድና ይዩህ ብለው መንገዱ ራቀው። እኔና እሱ አንዳንድ በሬ ነው ያለን። ሃያ ዓመት በመቀናጆ ነው ያረስነው፤ ሁለቱን ጠምደን አንድ ቀን የኔን መሬት፣ አንድ ቀን የሱን። ኪኒኑንም እንደዚያው አደረግነው። በኔ ቀን እኔ፣ በሱ ቀን እሱ።"

ስድስት ወር ሙሉ ስኳራቸው ለምን እንዳልወረደ ገባኝ። ግማሽ መድኃኒት ነዋ የሚወስዱት። እኔ ደግሞ መፍትሔ ብዬ እጥፍ አደረግኩት፤ የጋሽ ደምሴም ድርሻ አብሮ እጥፍ ሆነ፤ ስኳር ለሌለበት ሰው፣ ያውም በባዶ ሆድ።

"ሲወስደው ምንም አይለውም ነበር?"

"ያልበው ነበር፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። በሽታው እየወጣለት ነው ብለን።"

"እርስዎስ በጾሙ?"

"እኔማ ኡስታዙን ጠይቄ ወደ መግሪብ፣ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት፣ አዞርኩት። ደምሴን አንተም አዙረው ብለው፣ ሲስተር ጠዋት ብላለች፣ ቃሏን አላፈርስም አለ።"

ሰምታችኋል? አንድ ቀን እንኳ አግዳሚዬ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ትምህርቴን በቃሉ አጥንቶ፣ አክብሮ፣ ሊሞትለት ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ ማን አለው?

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ይመር?"

"አልቋል ወይ አልሽኝ። አልቋል አልኩሽ።"

እዚህ ላይ ደህና ሰው ቢሆን ወደ አብዱ ይሮጣል። እኔ ፖስታውን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። "ለጤና መኮንኑ እኔ እነግረዋለሁ። እርስዎ ይግቡና አጠገባቸው ይቀመጡ" አልኳቸው። አመስግነውኝ ገቡ።

ለምን እንዳደረግኩት በደንብ አውቃለሁ፤ ፈራሁ። ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ የኔ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ምልክት የኔ ነው። የሥራ ፈቃዴን አሰብኩ፣ ደሴ ያለችው እናቴ ምን ትላለች ብዬ አሰብኩ። አልጋ ላይ ስለተኙት ሰውዬ ያሰብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አብዱ ሲመለስ "ጾሙ ነው የጣላቸው" አለ። "ደህና ምሳ ይብሉና አንድ ሰዓት ያህል አይተናቸው ይሂዱ።"

እኔም "እሺ" አልኩ።

ነገሩን ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ግን አውቃለሁ። ያ ኪኒን ሽማግሌ ሰው ውስጥ ሲገባ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ስኳሩን እየጎተተ ያወርዳል። አንዴ ግሉኮስ ሰጥተኸው ቢነሳ አትመነው፣ ተመልሶ ይወድቃል ይላል መጽሐፉ። ኮሌጅ እያለሁ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እኚያ ሰውዬ ቤታቸው ከሄዱ ማንም ሳያያቸው እንደሚያልፉ አውቃለሁ። ምሳ በልተዋል እኮ፣ ምንም አይሆኑም እያልኩ ራሴን አስተማርኩት። ራሴም "ገብቶኛል" አለኝ።

ያ አንድ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ቁስል አሰርኩ፣ አንድ ሕፃን ከተብኩ። እጄ ኪሴን እየነካ ይመለሳል። በየመሀሉ በበሩ ብቅ ብዬ አያለሁ፤ ጋሽ ደምሴ ከእንጀራው ትንሽ ቆርሰው ትተውታል። ጋሽ ይመር ከበሩ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ስምንት ተኩል ሲሆን ባጃጁ ተጠራ። እትዬ አለሚቱ ጋቢውን አልብሰው ባለቤታቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ልሰናበታቸው ቀረብ ስል ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ይመር" አሉ ጋሽ ደምሴ። "በሬዎቹን ፍታቸው እንጂ፤ መሸ እኮ።"

ፀሐይዋ ገና እያቃጠለች ነበር።

ለካሁት፤ ሠላሳ ስድስት። ከመለኪያው ቀና ስል ዓይናቸው ተገልብጦ ወደ ጎን ሲያጋድሉ ጋሽ ይመር ያዟቸው።

"አብዱ" አልኩ፤ ተጣራሁ ማለት ይሻላል። "ኪኒን ወስደዋል። የስኳር ኪኒን። ሁለት።"

"ምን ኪኒን? ማን ሰጣቸው?"

ፖስታውን አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው። ገለበጠው። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ቅድም። አንድ ሰዓት ይሆነዋል።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ግሉኮሱን አምጪ" ብቻ ነው ያለኝ።

የቀሩትን ሦስት ጠርሙሶች ሰጠን። ቀጭኑን ግሉኮስ በደም ሥር ሰቀልን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ቆላ ወርዷል፤ አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። በየአሥራ አምስት ደቂቃው እለካለሁ፤ ስኳሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የኔም ልብ አብሮት። ሲነቁልኝ በማንኪያ ስኳር ውሃ አጠጣቸዋለሁ፤ አሁን ሰዓት የሚጠይቅ የለም። ሰባተኛ ጠርሙስ ቢኖረኝ ብዬ ያን ባዶ ሳጥን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላህ ይቁጠረው።

ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አምቡላንሱ ሲዘል እኔ የተሰቀለውን ግሉኮስ በአንድ እጄ፣ የሳቸውን እጅ በሌላው ይዤ ነበር። ጋሽ ይመር ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ማልቀሴን ያወቅሁት እሳቸው ሲናገሩ ነው። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "አንቺ የምትችይውን አድርገሻል።"

ይህን ንግግር ተሸክሜ ሆስፒታል ደረስኩ።

ጋሽ ደምሴ ሁለት ቀን ተኝተው በእግራቸው ወጡ። ሌሊት አምስቴ የሚያስነሳቸውም ስኳር ሳይሆን በሽማግሌ ወንዶች ላይ የሚያብጥ እጢ ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናው ያለ ነገር ነው። ለማወቅ ያስፈለገው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጠየቁ ብቻ ነበር። አብዱ የሆነውን ጽፎ አሳወቀ፤ እኔም የራሴን፣ አንዱን ሰዓት ጭምር፣ ጻፍኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አነሰ እንጂ አልበዛም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ እንዴት እንደማስተምር ልንገራችሁ። አላስተምርም ማለት ይቀላል። ኪኒኑን ሰጥቼ "ቤት ሲገቡ ለቤተሰብ እንዴት ብለው ያስረዳሉ? እስቲ እኔን ያስረዱኝ" እላለሁ፤ ከዚያ አፌን እይዛለሁ። መያዙ ከባድ ነው። የመጀመሪያዋ ቀን አንዲት እናት "በቀን ሦስት" ያልኳትን ሦስቱንም ጠዋት በአንድ ላይ ልትውጥ እንደሆነ ነገረችኝ። ለስንት ዓመት ስንቱ እንዲህ ሲውጥ እንደኖረ አስቡት። "ከሌላ ሰው ጋር ይካፈሉታል?" ብዬም እጠይቃለሁ። ስንቱ እንደሚካፈል ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ እዚህ አገር ሰው ብቻውን መብላት ያፍራል፣ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ሰልፉ ረዝሟል፤ አግዳሚው ላይ "ይችን ልጅ ምን ነካት፣ ድሮ ፈጣን ነበረች" ይሉኛል። እናንተም ሐኪም ቤት ሄዳችሁ "ገባዎት?" ስትባሉ፣ ለጨዋነት ብላችሁ ገብቶኛል አትበሉ። የኛን ፊት ደስ ለማሰኘት አይደለም የመጣችሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ዒድና ፋሲካ ካለፉ በኋላ ወደ መንደራቸው ሄድኩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው፦ ፖስታውን አንድ ሰዓት ደብቄዋለሁ፣ እያወቅሁ ነው፣ ለራሴ ፈርቼ ነው፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ሳቁ። "እኛ ስድስት ወር አልነገርንሽ፤ አንቺ አንድ ሰዓት። በይ ተይው ልጄ፣ ይኸው አለሁ አይደል።"

ጋሽ ይመር አልሳቁም። መሬቱን በበትራቸው ሲጭሩ ቆዩ። "እኔ እኮ በሩ ላይ ቆሜ ዱአ ሳደርግ ነበር" አሉ። "ለጤና መኮንኑ ነግረሽዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"



ጋሽ ይመር ክትትላቸውን አልተዉም። ኪኒናቸውን እንዴት እንደሚወስዱ እጠይቃቸዋለሁ፤ አንድም ሳያዛንፉ ይነግሩኛል። ሲጨርሱ ግን አይነሱም። "አንቺስ? ያልነገርሽኝ አለ?" ይሉኛል። በየወሩ "የለም" እላቸዋለሁ፣ አይተውኝ ይሄዳሉ። ባለፈው ሰኞ ግን የዓይን ምርመራቸው ውጤት ከሆስፒታል ደርሶኝ ነበር፤ የግራ ዓይናቸውን ስኳሩ ጎድቶታል፤ ያ በግማሽ መድኃኒት ያለፈው ስድስት ወርም አለበት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላቆየው አስቤ ነበር። ሲጠይቁኝ "አለ" አልኳቸው፤ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው።